በበጀት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች፦ በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ለዘር እኩልነት ጥያቄ የተሰጠ አስተዳደራዊ ምላሽ (1951–1964)

መግቢያ

የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ለዘር እኩልነት ያካሄደው ትግል ሲነሣ፣ በተለይም በትምህርት ረገድ፣ በብዙ ሰው ኅሊና ፈጥኖ የሚታየው የሊትል ሮክ ከተማ ሁኔታ ነው። በ1957 የአርካንሳስ አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የግዛቱን ብሔራዊ ዘብ በበሩ ላይ አቆሙ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ደግሞ የ101ኛውን አየር ወለድ ክፍለ ጦር ወታደሮች ልከው ልጆቹ በወታደር ታጅበው እንዲገቡ አደረጉ። የዚያ ቀን ፎቶግራፎች በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስለወጡ፣ ባለሥልጣን የእኩልነትን ጥያቄ የሚመክተው በሳንጃ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የመመልከት ልማድ ተፈጥሯል።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ታሪክ ግን ወታደር ያልታየበት፣ ጥይት ያልተተኮሰበት ነው። በቨርጂኒያ ግዛት የምትገኝ አንዲት የገጠር አውራጃ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በአንድነት እንድታስተምር በፍርድ ቤት ስትታዘዝ፣ ለትምህርት የሚውል ግብር አልሰበስብም በማለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿን በሙሉ ዘጋች፤ ለአምስት ዓመታትም ዘግታ ቆየች። የትግሉን ጥያቄ ለመመከት ሥራ ላይ የዋሉት ነገሮች የበጀት ስብሰባ፣ የተማሪ ምደባ ቅጽ፣ የሕንፃ ፕላን፣ የትምህርት ክፍያ ድጎማና የቀን ቀጠሮ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ ማናቸውም የትምህርት ጽሕፈት ቤት በየዕለቱ የሚሠራባቸው በመሆናቸው፣ ጉዳዩ መምህሩንና የትምህርት ፕላን አውጭውን ከታሪክ ጸሐፊው ባላነሰ ይመለከታቸዋል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አውራጃዋና የ1951ዱ አድማ

ፕሪንስ ኤድዋርድ በቨርጂኒያ ደቡባዊ ክፍል፣ ትንባሆ በሚመረትበት አካባቢ የምትገኝ አነስተኛ አውራጃ ስትሆን ዋና ከተማዋ ፋርምቪል ትባላለች። በ1960 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት የሕዝቧ ብዛት 14 ሺህ ያህል ነበር። የግዛቱ የ1902 ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በግልጽ ከልክሏል። ይኸው ሕገ መንግሥት ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የነፍስ ወከፍ ግብር እንዲከፍል ስላስገደደ፣ ከጥቁሮች አብዛኞቹ፣ ከድሆቹ ነጮችም ጥቂት የማይባሉት ከምርጫ ውጭ ሆነው ኖረዋል። በአውራጃዋ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው የትምህርት ቦርድ ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚመድበው ግን የአስተዳዳሪዎች ቦርድ የተባለው የተመራጮች ጉባኤ ነበር። ስለዚህ የጥቁር ልጆች የትምህርት በጀት የሚወሰነው ወላጆቻቸው እምብዛም ድምፅ ባልሰጡበት ምርጫ በተሰየሙ ሰዎች መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ለጥቁሮች የተሠራው ሮበርት ረሳ ሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 ሲከፈት የታቀደው ለ180 ተማሪዎች ነበር። በ1951 ግን ከ450 በላይ ተማሪዎች ይማሩበት ነበር። የስፖርት አዳራሽ፣ የመመገቢያ ክፍልና የሳይንስ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። የተማሪው ቁጥር ከሕንፃው አቅም በላይ በሆነ ጊዜ አውራጃዋ የሰጠችው መፍትሔ፣ በግቢው ውስጥ ከእንጨት ተሠርተው በሬንጅ ወረቀት የተሸፈኑ ጎጆዎችን ማቆም ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣራው ያፈሳል። በክረምት ከምድጃው አጠገብ የተቀመጠው ተማሪ በሙቀት ሲንገላታ፣ ከግድግዳው ሥር ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማራል፤ እሳቱ እንዳይጠፋ መምህሩ ትምህርቱን እያቋረጠ ይቆሰቁሳል። ወላጆች አዲስ ሕንፃ እንዲሠራላቸው ደጋግመው አቤት ቢሉም «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» ከሚል ዓይነት መልስ በቀር ያገኙት ነገር አልነበረም።

ኤፕሪል 23 ቀን 1951 የ16 ዓመቷ ተማሪ ባርባራ ጆንስ ጓደኞቿን አስተባብራ አድማ አስነሣች። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቦይድ ጆንስ በስልክ ጥሪ ወደ ከተማ እንዲሄዱ ከተደረገ በኋላ፣ ተማሪዎች በሙሉ በአዳራሽ እንዲሰበሰቡ የሚያዝ ማስታወሻ በእርሳቸው ስም ለየክፍሉ ተላለፈ። መጋረጃው ሲገለጥ መድረኩ ላይ የቆመችው ባርባራ ነበረች። ንግግሯን እንደጨረሰች ተማሪዎቹ ግልብጥ ብለው ወጡ፤ አድማውም ሁለት ሳምንት ቆየ።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ የልጆቹ የመጀመሪያ ጥያቄ የተሻለ ሕንፃ እንጂ ከነጮች ጋር አብሮ መማር አለመሆኑ ነው። ለጥቁሮች እድገት የቆመው ብሔራዊ ማኅበር ጠበቆች፣ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስውድ ሮቢንሰን፣ ወደ ፋርምቪል መጥተው ጉዳዩን ለመያዝ የሚስማሙት ክሱ የመለያየቱን ሕግ ራሱን የሚቃወም ሲሆን ብቻ መሆኑን አስረዱ። ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ተመካክረው ተስማሙ። በግብርናና በጉልበት ሥራ ለሚተዳደር፣ ዱቤውም ሥራውም በነጮች እጅ ላለ ገበሬ ይህ ስምምነት ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሜይ 23 ቀን 1951 በ117 ተማሪዎች ስም ክሱ ለፌደራል ፍርድ ቤት ቀረበ።

ከሁሉ አስቀድሞ የመጣው የባለሥልጣናቱ ምላሽ የዲሬክተሩን የሥራ ውል አለማደስ ነበር። ቦይድ ጆንስ አድማውን ስለማስነሣታቸው ማስረጃ አልቀረበባቸውም፤ ነገር ግን ከሥራ ተሰናበቱ። የባርባራ ወላጆችም ለልጃቸው ደኅንነት ሰግተው በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ ወደሚኖሩት አጎቷ፣ ወደ ቄስ ቨርነን ጆንስ፣ ሰደዷት።

ሕንፃ በመብት ፈንታ

በማርች 1952 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌደራል ችሎት ውሳኔ ሰጠ። ዳኞቹ የሞተን ትምህርት ቤት ከነጮቹ ያነሰ መሆኑን ተቀብለው አውራጃዋ እንድታስተካክለው አዘዙ፤ መለያየቱ ግን በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም ብለው አጸኑት። እነሆ ለዓመታት ገንዘብ የለም ሲባል የቆየበት ሕንፃ በድንገት ገንዘብ ተገኘለትና በ1953 አዲስ የሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመርቆ ተከፈተ። ከመጀመሪያው አቤቱታ አንጻር ሲታይ ተማሪዎቹ የጠየቁትን አገኙ ማለት ይቻላል። ሆኖም ሕንፃው የተሠራው ክሱ ከመቅረቡ በፊት ሳይሆን ከቀረበ በኋላ፣ ዓላማውም ተለያይቶ መማርን በተሻለ ግንብ ለማስቀጠል ነበር። በደቡብ ግዛቶች በዚያን ጊዜ የታየው ለጥቁሮች ትምህርት ቤት የመሥራት ጥድፊያ በአብዛኛው በዚህ መንፈስ የተካሄደ ነው።

ቤተሰቦቹ ክሱን አላነሡም። ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ከካንሳስ፣ ከደቡብ ካሮላይናና ከደላዌር ከመጡት ተመሳሳይ ክሶች ጋር ተዳብሎ ታየ። ሜይ 17 ቀን 1954 ፍርድ ቤቱ፣ ቺፍ ጀስቲስ ኧርል ዋረን በጻፉት የሙሉ ድምፅ ውሳኔ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን በዘር መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን አወጀ። አፈጻጸሙን በሚመለከት ግን ለአንድ ዓመት ቀጠሮ ሰጠ። ሜይ 31 ቀን 1955 የተሰጠው ሁለተኛው ውሳኔ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም፤ ሥራው ታስቦበት በሚገባ ፍጥነት እንዲከናወን ብቻ ነው ያዘዘው። በቨርጂኒያ ያሉ ባለሥልጣናት ከዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ፍጥነት የሚለውን ትተው ማሰብ የሚለውን ያዙ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የግዛቱ እምቢታ

የቨርጂኒያን ፖለቲካ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው ያደረጉት ሴናተር ሃሪ በርድ በ1956 መጀመሪያ ደቡቡ በአንድነት በእምቢታ እንዲቆም ጥሪ አቀረቡ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ከደቡብ ግዛቶች የተመረጡ 101 የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ የሚያወግዝ መግለጫ ፈረሙ። የቨርጂኒያ ሕግ አውጭ ምክር ቤትም በአገረ ገዥው በቶማስ ስታንሊ ጠሪነት ተሰብስቦ ተከታታይ ሕጎችን አወጣ።

ከሕጎቹ ውስጥ ለትምህርት አስተዳደር ባለሙያ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው የተማሪዎች ምደባ ቦርድ መቋቋም ነው። በአገረ ገዥው የተሾሙ ሦስት ሰዎች በግዛቱ ያለውን ተማሪ ሁሉ ወደ ትምህርት ቤት የመመደብ ሥልጣን ተሰጣቸው። ወላጅ ቅጽ ይሞላል፤ ቦርዱ ይመረምራል፤ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኝ ይላል። በሕጉ ውስጥ ዘር የሚለው ቃል መግባት አላስፈለገውም፤ ርቀት፣ የትምህርት ዝግጅት፣ የክፍል መጣበብና እነዚህን የመሳሰሉ መመዘኛዎች በቂ ነበሩ። ቦርዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ ፈቃድ አንድም ጥቁር ልጅ ወደ ነጮች ትምህርት ቤት አልመደበም። ሌላው ሕግ ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥቁርና ነጭ የሚቀላቀልበትን ማናቸውንም ትምህርት ቤት አገረ ገዥው እንዲዘጋ፣ ገንዘቡንም እንዲያግድ ያስገድድ ነበር።

ይህ ሕግ በሴፕቴምበር 1958 ሥራ ላይ ዋለ። አዲሱ አገረ ገዥ ሊንድሲ አልመንድ በዋረን አውራጃ፣ በሻርሎትስቪልና በኖርፎክ ዘጠኝ ትምህርት ቤቶችን ዘጉ፤ 13 ሺህ ያህል ተማሪዎችም ከትምህርት ገበታ ተለዩ። አብዛኞቹ ነጮች በመሆናቸው ቁጣው ከዚያው ከነጮች መንደር ተነሣ፤ ነጋዴዎችና ወላጆች አጉረመረሙ። ጃንዩወሪ 19 ቀን 1959 የግዛቱ የበላይ ፍርድ ቤትና አንድ የፌደራል ችሎት በአንድ ቀን የመዝጊያውን ሕግ ሻሩ። ፌብሩወሪ 2 ቀን 17 ጥቁር ተማሪዎች በኖርፎክ፣ 4 ደግሞ በአርሊንግተን ለነጮች ብቻ ተለይተው በነበሩ ትምህርት ቤቶች ገቡ። በርድ ያሉት ታላቅ እምቢታ በግዛት ደረጃ በዚህ ተፈታ።

ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ ሲያፈገፍግ አንድ በር ክፍት ትቶ ነበር። ልጅን ትምህርት ቤት የመላክን ግዴታ የሚደነግገውን ሕግ ሽሮ፣ ጉዳዩን ለየአካባቢው ፈቃድ ተወው። ፍርድ ቤቶቹም የከለከሉት ግዛቱ ትምህርት ቤት እንዳይዘጋ ነው፤ አንድ አውራጃ በራሱ ገንዘብ አልመድብም ቢል ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ አልተመለሰም። የፕሪንስ ኤድዋርድ ሰዎች ያለፉት በዚህ በር ነው።

ግብር የሌለበት ዓመት

የአስተዳዳሪዎች ቦርዱ ለዚህ ቀን ከዓመታት በፊት ተዘጋጅቶ ነበር። ሁለተኛው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በተሰጠበት ዕለት፣ ሜይ 31 ቀን 1955፣ የትምህርት ቦርዱ ያቀረበውን በጀት ትቶ ሕጉ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ መጠን 150 ሺህ ዶላር ብቻ አጸደቀ። ከዚያም የትምህርት በጀት በዓመት መጽደቁ ቀርቶ በየወሩ እንዲለቀቅ ተደረገ። ፕላን ለሚያወጣ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። የመምህራን ቅጥር፣ የመጻሕፍት ግዥ፣ የአውቶቡስ ስምሪት ሁሉ በሠላሳ ቀን እድሜ የሚንጠለጠል ሆነ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣ ቀንም ምንም ሕግ ሳይወጣ፣ ማንም ሳይታሰር፣ የሚቀጥለውን ወር ገንዘብ አለመልቀቅ ብቻ ይበቃል።

በሜይ 1959 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አውራጃዋ እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን ድረስ መለያየቱን እንድታቆም አዘዘ። ቦርዱ በጁን ወር ተሰብስቦ ለ1959–60 የትምህርት ዘመን ምንም ዓይነት የትምህርት ግብር እንደማይጥል አስታወቀ። መስከረም ሲጠባ በአውራጃዋ አንድም የመንግሥት ትምህርት ቤት አልተከፈተም። የጥቁሮችን አፍ ለማስያዝ የተሠራው አዲሱ የሞተን ሕንፃም ከሌሎቹ ጋር ተቆለፈ።

ለነጮቹ አስቀድሞ የታሰበበት ማረፊያ ነበራቸው። የፕሪንስ ኤድዋርድ ትምህርት ቤት ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት በቤተ ክርስቲያን አዳራሾችና በልዩ ልዩ ቤቶች ውስጥ 1,500 ያህል ነጭ ልጆችን ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ፤ ከነጮቹ መምህራንም የሚበዙት እዚያው ተዛወሩ። በመጀመሪያው ዓመት የሠራው በመዋጮ ነው። በ1960 ግን የግዛቱ ምክር ቤት ለማናቸውም ልጅ፣ ዘር ሳይለይ፣ በግል ትምህርት ቤት ለመማር 125 ወይም 150 ዶላር የሚሰጥ ድጎማ ፈቀደ፤ አውራጃዋም 100 ዶላር ጨመረችበት። እንግዲህ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ 225፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ 250 ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ ይከፈል ጀመር። በተጨማሪም ለግል ትምህርት ቤት መዋጮ ላደረገ ሰው ከንብረት ግብሩ እስከ 25 በመቶ ይቀነስለት ነበር። በወረቀት ላይ ድጎማው ለጥቁሩም ለነጩም እኩል ነው። በአውራጃዋ ውስጥ ግን ጥቁር ልጅ የሚቀበል የግል ትምህርት ቤት አልነበረም።

ለጥቁሮቹም ልዩ የግል ትምህርት ቤት እናቋቁምላችሁ የሚል ሐሳብ ቀርቦላቸው ነበር። ይህን ቢቀበሉ ኖሮ መለያየቱ በሁለት የግል ትምህርት ቤቶች ስም ጸንቶ ይቀር፣ ክሱም ሥሩ ይደርቅ ነበር። ወላጆቹ እምቢ አሉ። ውሳኔው በልጆቻቸው ላይ ያስከተለው ዋጋ ከባድ ነበርና፣ ዛሬም ቢሆን በቀላሉ የሚፈረድበት ጉዳይ አይደለም።

1,700 ያህል ጥቁር ልጆች ያለ ትምህርት ቤት ቀሩ። መምህራኖቻቸውም ሥራቸውን አጡ፤ ብዙዎቹም አውራጃዋን ለቀው ሄዱ። የፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ቄስ ፍራንሲስ ግሪፈን፣ ስማቸው በኋላ በክሱ መዝገብ ላይ የሚገኘው፣ ከሌሎች ጋር ሆነው በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ልጆች የሚሰበሰቡባቸውን ማእከሎች ከፈቱ። ማእከሎቹ ትምህርት ቤት ተብለው አልተጠሩም፤ እንዲጠሩም አልተፈለገም፤ ምክንያቱም ትምህርት ቤት ናቸው ከተባለ አውራጃዋ «እነሆ ይማራሉ» ለማለት ትችል ነበር። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ኪትሬል ጁኒየር ኮሌጅ ስልሳ ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ተቀበለ። ኩዌከር በመባል የሚታወቁት ክርስቲያኖች የእርዳታ ድርጅት ደግሞ አንዳንድ ልጆችን በሌሎች ግዛቶች በየቤተሰቡ አስጠግቶ አስተማረ። በአጎራባች አውራጃ ዘመድ ያለው ልጁን ወደዚያ ላከ። ዘመድም ገንዘብም የሌለው፣ ይኸውም አብዛኛው፣ ልጁን በትንባሆው እርሻ ላይ አሰማራ። በ1959 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ አንደኛ ክፍል ለመግባት የተዘጋጀ ሕፃን፣ በ1963 ዐሥር ዓመት ሞልቶት ፊደል ሳይለይ ሊገኝ ቻለ። ከድሆቹ ነጮችም አንዳንዶቹ የፋውንዴሽኑን ክፍያ መቻል አቅቷቸው ልጆቻቸውን እቤት እንዳስቀሩ መዘንጋት የለበትም።

የፌደራሉ መንግሥት መዘግየትና መንቀሳቀስ

የፌደራሉ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከሩቅ ከመመልከት አላለፈም። አይዘንሃወር በሊትል ሮክ ወታደር የላኩት የፍርድ ቤት ትእዛዝ በግልጽ በመጣሱ ነበር፤ በፕሪንስ ኤድዋርድ ግን የተጣሰ ትእዛዝ አለ ለማለት አስቸጋሪ ነበር። ትእዛዙ የሚለው ልጆችን በዘር አትለያዩ ነው፤ አውራጃዋ ደግሞ ማንንም አላስተምርም አለች እንጂ እለያያለሁ አላለችም። የአስተዳዳሪዎቹ ብልጠት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በኬኔዲ አስተዳደር ዘመን፣ በ1961፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ መሥሪያ ቤት በክሱ ተካፋይ ለመሆን ጠየቀ፤ ዳኛው ኦረን ሉዊስ ግን አልፈቀዱም። እኒሁ ዳኛ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሳለ ለፋውንዴሽኑ ተማሪዎች የሚከፈለው ድጎማና የግብር ቅነሳው እንዲቆም አዘዋል። በማርች 1963 ሮበርት ኬኔዲ በኬንታኪ ግዛት ባደረጉት ንግግር በዓለም ላይ ነፃ የሕዝብ ትምህርት የማይሰጥባቸውን ጥቂት ቦታዎች ሲቆጥሩ የፕሪንስ ኤድዋርድን አውራጃ ከነዚያ ጋር ደመሯት። ዘመኑ ታላላቆቹ ኃይሎች ነፃ በወጡት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ፊት ለመልካም ስም የሚሻሙበት ስለነበር፣ ዋሽንግተን ከነቃችበት ምክንያት አንዱ ይኸው እፍረት መሆኑ አይካድም።

በዚያው ዓመት መንግሥቱ ከግዛቱና ከአውራጃዋ ጋር ተነጋግሮ የፕሪንስ ኤድዋርድ ነፃ ትምህርት ቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። የቀድሞው የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ኮልጌት ዳርደን የማኅበሩን ቦርድ በሊቀ መንበርነት መሩ። ገንዘቡ ከግል ለጋሾችና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተሰበሰበ፤ የተቆለፉት ሕንፃዎችም ተከራዩ። ሴፕቴምበር 16 ቀን 1963 በሮቹ ሲከፈቱ ከመጡት 1,500 ያህል ልጆች ነጮቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከኒው ዮርክ ግዛት የመጡት የትምህርት ሥራ አስኪያጅ ኒል ሰሊቫን ያጋጠማቸው ችግር ለማናቸውም መምህር የሚገባ ነው። በእድሜ አራተኛ ክፍል መሆን የሚገባው ልጅ እርሳስ አያያዝ አያውቅም፤ ከጎኑ የተቀመጠው እኩያው ግን በቤተ ክርስቲያኑ ማእከል ወይም በሌላ አውራጃ ሲማር ቆይቷል። እንደዚህ ያሉትን ልጆች በክፍል ቁጥር መደርደር ትርጉም ስላልነበረው፣ የክፍል ደረጃ ቀርቶ ልጆቹ በየትምህርቱ በደረሱበት ችሎታ ተቧድነው፣ መምህራኑም በቡድን ሆነው እንዲያስተምሩ ተደረገ። አንድ ልጅ በሒሳብ ከትልልቆቹ፣ በንባብ ከትንንሾቹ ጋር ሊቀመጥ ይችል ነበር። ዘዴው በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በሀብታም ሰፈሮች ይሞከር የነበረ ነው፤ በፋርምቪል ግን የመጣው የትምህርት ፈሊጥ ሆኖ ሳይሆን ሌላ ማድረግ ስላልተቻለ ነው። ሰሊቫን ስለዚያ ዓመት በኋላ መጽሐፍ ጽፈዋል።

የ1964ቱ ውሳኔና ተከታዩ

በዲሴምበር 1963 የቨርጂኒያ የበላይ ፍርድ ቤት አውራጃዋ ትምህርት ቤት እንድታካሂድ የግዛቱ ሕገ መንግሥት አያስገድዳትም ሲል ፈረደ። ሜይ 25 ቀን 1964 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ገለበጠው። ጀስቲስ ሁጎ ብላክ በጻፉት ውሳኔ፣ የሌሎቹ አውራጃዎች ልጆች በመንግሥት ገንዘብ እየተማሩ የፕሪንስ ኤድዋርዶቹ ብቻ እንዲቀሩ የተደረገበት ምክንያት ዘር እንጂ ሌላ እንዳልሆነ፣ ለማሰብ ተብሎ የተሰጠው ጊዜም ማለቁ ተገለጸ። ከዚህም በላይ የበታቹ ፍርድ ቤት ቦርዱን ግብር ጥሎ ትምህርት ቤት እንዲከፍት ለማስገደድ እንደሚችል ተነገረ። በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ሁለት ዳኞች አልተስማሙም፤ አንድ ፍርድ ቤት የተመረጠን ጉባኤ ግብር ጣል ብሎ ማዘዙ በእርግጥም ያልተለመደ ነገር ነበር።

የአስተዳዳሪዎች ቦርዱ በጁን 1964 ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች 189 ሺህ ዶላር መደበ፤ ለግል ትምህርት ቤት ድጎማ ግን 375 ሺህ። ፍርድ ቤት ድጎማውን ሊያግደው እንደሚችል ሲታወቅም፣ በኦገስት ወር በአንዲት ሌሊት 180 ሺህ ዶላር ያህል ለነጮቹ ወላጆች ታደለ፤ ለዚህም ቦርዱ በ1966 ፍርድ ቤትን በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ። በመስከረም 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ተማሪዎቹ ከጥቂቶች በቀር ጥቁሮች ብቻ ነበሩ። ፋውንዴሽኑ ያቋቋመው ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪ የተቀበለው በ1986 ነው። ነጮቹም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የተመለሱት ቀስ በቀስ፣ ብዙ ዓመት ወስዶ ነው።

ባርባራ ጆንስ በፊላደልፊያ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆና ሠርታ በ1991 ሞተች። አድማው የተነሣበት አሮጌው የሞተን ሕንፃ በ1998 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለ፤ በ2020 ደግሞ የቨርጂኒያ ኮሚሽን በዋሽንግተን ምክር ቤት ቆሞ የነበረውን የጄኔራል ሮበርት ሊን ሐውልት ተክቶ የእርሷ ሐውልት እንዲቆም ወሰነ። የግዛቱ ሕግ አውጭ ምክር ቤት በ2003 ለትምህርት ቤቶቹ መዘጋት ጸጸቱን ገለጸ። በ2004ም ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ሰዎች የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቁሞ አንድ ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ጆን ክሉግ የተባሉ ባለጸጋም ሌላ አንድ ሚሊዮን ጨመሩ። በ1959 ደብተር ይዞ አንደኛ ክፍል ለመግባት ይጠባበቅ የነበረው ልጅ በዚያን ጊዜ 51 ዓመት ሆኖት ነበር።